ገላውዴዎስ ማለት «አንካሳ» ማለት ነው?

የማውቃቸው ባልና ሚስት ግንቦት 2 ወንድ ልጅ ወለዱ። የተወለደበትን ቀን አንድ ብለው ሲቆጥሩ 40 ቀኑ ሰኔ 11 ላይ ዋለ፤ የሰማዕቱ የቅዱስ ገላውዴዎስ ቀን ነው። አያትየውም፣ ወላጆቹም በስሙ ተስማሙ። ክርስትናው ሲቃረብ ግን አባትየው የስሙን ትርጉም በስልኩ ፈልጎ አንድ ቃል ብቻ አገኘ፦ «አንካሳ»። እናትየው ደነገጠች። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ታዲያ መልአክ ለልጄ ይህን ያወጣል?» አለች። ይህ ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልጠፋ ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

አባትየው ያገኘው ቃል ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በላቲን «ክላውዱስ» የሚያነክስ ማለት ነው። «ክላውዲዩስ» የሚለው ስም ከዚህ ቃል የሚለየው በአንድ ትንሽ ድምፅ ነው፤ የአውሮፓ የስም መዛግብትም ሁለቱን ሲያያይዟቸው ኖረዋል። ስለዚህ ወላጆቹን «ውሸት ነው፣ ተዉት» ብሎ ማጽናናት አይገባም። ችግሩ እንዲህ ያለው ዝርዝር ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ቃል መመለሱ ነው። ቃሉ ከየት በቀለ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሰዎች ይህን ስም ለልጃቸው ሲያወጡ ምን እያሉ ነበር የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ለ«ደስታ» ወይም ለ«አበበ» ሁለቱም አንድ መልስ አላቸው፤ ስሙን የሚያወጣው ሰው የቃሉን ትርጉም እየሰማ ነው የሚያወጣው። ከሩቅ አገር፣ በብዙ ቋንቋ አፍ አልፎ ለመጣ ስም ግን መልሶቹ ይለያያሉ። በገላውዴዎስ ላይማ ጨርሶ አይገናኙም።

ከሳቢኖች አገር የወጣው ሰው

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሮም ልጀምር። የሮምና የነገሥታቱን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የሮም ታሪክ ጸሐፊው ሊቪዩስ እንደሚተርከው፣ ሮማውያን ነገሥታታቸውን ካባረሩ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ504 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ጎረቤቶቻቸው ሳቢኖች ለጦርነት ይዘጋጁ ነበር። ከሳቢኖቹ መካከል አንድ ታላቅ ሰው ሰላም ይሻለናል ብሎ ተከራከረ። የጦርነቱ ወገን ሲበረታበት ቤተሰቡንና ተከታዮቹን ይዞ ከከተማው ወጣ፤ ወደ ሮምም ገባ። ስሙ አቲዩስ ክላውሱስ ነበር። ሮማውያን ዜግነት ሰጡት፤ አንዮ ከሚባለው ወንዝ ማዶ መሬት ቆረሱለት፤ ከአባቶች ጉባኤ አስቀመጡት። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ የመሬቱን ልክ ሳይቀር ጽፎታል፦ አብረውት ከመጡት 5000 ቤተሰቦች ለእያንዳንዱ ሁለት ስፍር፣ ለእርሱ ለራሱ 25። ሮም ከገባ በኋላ ስሙ በሮማውያን አነጋገር አፒዩስ ክላውዲዩስ ሆነ፤ በ495 ደግሞ ለአንድ ዓመት አገሪቱን ከሚመሩት ሁለት ሹማምንት አንዱ ለመሆን በቃ።

ሊቪዩስ ይህን ሁሉ ሲተርክ ስለ እግር አንድም ቃል አይናገርም። ስሙ ከሳቢኖች አገር ከሰውየው ጋር የመጣ ነው፤ የላቲን ቃል የተለጠፈበት ሰው አልነበረም። የሮምን ነገሥታት ሕይወት የጻፈው ስዌቶኒዩስም የዚህን ቤት ታሪክ ሲጽፍ፣ «ኔሮ» የሚለው የቤተሰቡ ቅጽል ስም በሳቢኖች ቋንቋ ብርቱና ጀግና ማለት እንደሆነ ያስረዳል፤ «ክላውዲዩስ»ን ግን እንዲህ ሊተረጉመው አይሞክርም። «ክላውሱስ» እና «ክላውዲዩስ» የአንድ ስም ሁለት አነጋገሮች ከሆኑ ደግሞ ስሙ ላቲን ከመሆኑ በፊት የራሱ ዕድሜ አለው፤ ከ«ክላውዱስ» ጋር ያለው መመሳሰል ላቲን ተናጋሪ ጆሮ ያደመጠው ነው ማለት ነው። ልክ በዚህ ቦታ ሌላ ወጥመድ አለ። በላቲን «ክላውሱስ» የሚል ተራ ቃልም አለ፤ የተዘጋ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው «ገላውዴዎስ ማለት የተዘጋ» ሊል ይችላል፤ በዚያው መንገድ «አንካሳ» እንደሚለው ማለት ነው። የሁለት ቃላት መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረዳም።

ማንም ያልመረጠው ስም

እኔ ከሁሉ በላይ የሚገባኝ ማስረጃ የሮማውያን የስም አወጣጥ ነው። አንድ ሮማዊ ሦስት ስም ነበረው። የመጀመሪያው ወላጆቹ የሚያወጡለት ነው፤ ምርጫው ግን በጣም ጠባብ ስለነበረ በየጊዜው ይሠራባቸው የነበሩት 20 እንኳ አይሞሉም። ሁለተኛው የዘሩ ስም ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ወላጅ አይመርጠውም፣ አይለውጠውም። ሦስተኛው በመጀመሪያ ቅጽል የነበረ፣ ኋላ ቅርንጫፉን ከቅርንጫፍ የሚለይ ሆኖ የቀረ ስም ነው።

«ክላውዲዩስ» የሁለተኛው ዓይነት ነው። አንድም ሮማዊ አባት ሕፃኑን አይቶ «ክላውዲዩስ ልበለው» አላለም፤ ልጁ ከክላውዲዩስ ቤት ከተወለደ ክላውዲዩስ ነው፤ እህቶቹም ሁሉ ክላውዲያ ናቸው። እኛ አገር የአባት ስም የልጅ ሁለተኛ ስም ሆኖ በትውልድ ይለወጣል። የእነርሱ ሁለተኛ ስም ግን ለ500 ዓመት አልተነቃነቀም።

ይህ ቤት ስሙን ምን ያህል ይጠብቅ እንደነበር ስዌቶኒዩስ አንድ ነገር ነግሮናል። ሉክዩስ የሚል የመጀመሪያ ስም ከነበራቸው የቤቱ ሰዎች አንዱ በውንብድና፣ ሌላው በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው፤ ከዚያ በኋላ የክላውዲዩስ ቤት ሉክዩስ የሚለውን ስም ለልጆቹ ማውጣት ተወ። «ሉክዩስ» የብርሃን ዝምድና ያለው ያማረ ስም ነው፤ ቃሉ ምንም ነውር የለበትም። የጣሉት በሁለት ሰዎች ሥራ ምክንያት ነው። «አንካሳ»ን የሚያስታውሰውን የዘር ስማቸውን ግን በኩራት ተሸከሙት። ለሮማውያን ስም የሚከብደው ወይም የሚቀለው በተሸከሙት ሰዎች ሥራ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የሰውን ገላ በእውነት የሚገልጸው ሦስተኛው ስም ነበር። ከሮም ወደ ካፑዋ የሚወስደውን ታላቁን ጎዳናና የከተማዋን የመጀመሪያ የውኃ መስመር በ312 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያሠራው አፒዩስ ክላውዲዩስ «ካይኩስ» ይባላል፤ ዕውር ማለት ነው፤ ዓይኑ ስለጠፋ የተሰጠው ነው። እንግዲህ በዚህ ሰው ስም ውስጥ «ካይኩስ» የሚለው ስለ ገላው ሲናገር «ክላውዲዩስ» የሚለው ስለ አባቶቹ ይናገራል።

ስሙን ከእግር ጋር አጣብቆ ያስቀረው አንድ አጋጣሚ አለ። ከ41 እስከ 54 ዓ.ም. የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዩስ በእርግጥ ያነክስ ነበር። ስለዚህ «በእግሩ የተነሣ እንዲህ ተባለ» የሚለው ወሬ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ልጁ ገና ሳይቆም ስሙ ነበረው፤ የአባቱም ዘር፣ የአጎቱ የጢባርዮስም የትውልድ ስም ይኸው ነው።

ለኛ ጆሮ ደግሞ ይህን ሦስትነት የሚያቀል ነገር እጃችን ላይ አለ። ማርቆስ፣ ገላውዴዎስ፣ ጳውሎስ ሦስቱም ከላቲን የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ከተለያየ ክፍል የመጡ ናቸው። ማርቆስ ከመጀመሪያው ዓይነት፣ ገላውዴዎስ ከዘሩ ስም፣ «ትንሽ» የሚል ትርጉም ያለው ጳውሎስ ደግሞ ከሦስተኛው። የማርቆስ ሥር ማርስ ከተባለው የሮማውያን የጦርነት ጣዖት ጋር ይያያዛል፤ መርቆሬዎስማ በቀጥታ ከጣዖቱ ከመርኩሪ ስም የወጣ ነው። ልጇን ማርቆስ ያለች እናት ወንጌላዊውን ነው የጠራችው፤ መርቆሬዎስ ያለችም ኅዳር 25 የሚታሰበውን ባለ ፈረሱን ሰማዕት። የቃሉ ሥር የስሙ ትርጉም ከሆነ እነዚህን ስሞች ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ማውጣት ሊኖርብን ነው።

የሻለቃው ንግግር

አንድ የሮም ቤት ብቻ የነበረ ስም እንዴት የብዙ ሕዝብ ስም ሆነ? የዚህ መልስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ቦታ ነው።

ኢየሩሳሌም ውስጥ ሕዝቡ በጳውሎስ ላይ ተነሥቶበት ወታደሮች ወደ ሰፈር ያስገቡታል። ሻለቃው በግርፋት እንዲመረመር ያዛል። ሊገርፉት ሲያስሩት ጳውሎስ ሮማዊ ሰው ያለ ፍርድ ይገረፋልን ብሎ ይጠይቃል። ሻለቃው ደንግጦ ይመጣል፤ ሮማዊ መሆኑን ይጠይቀዋል። ከዚያ ሻለቃው ሳይጠየቅ ስለ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፦ እኔ ይህን ዜግነት ያገኘሁት በብዙ ገንዘብ ነው። ጳውሎስም፦ እኔ ግን ከነዜግነቱ ተወለድሁ።

ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ሻለቃው ለገዢው ለፊልክስ በጻፈው ደብዳቤ ስሙን እናገኛለን፦ ቀላውዴዎስ ሉስዮስ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ሉስዮስ» የግሪክ ስም ነው፤ እናት አባቱ ያወጡለት እርሱ ነው። «ቀላውዴዎስ» ግን ከገዛው ዜግነት ጋር የመጣ ነው። ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ዜግነት የተሰጠው የውጭ ሰው የመጀመሪያና የሁለተኛ ስሙን ዜግነቱን ከሰጠው ንጉሥ ይወስዳል፤ የቀድሞ ስሙን ሦስተኛ አድርጎ ያስቀራል። ነጻ የወጣ ባሪያም ከጌታው ስም እንደዚሁ ይወስዳል። የንጉሡ የክላውዲዩስ የመጀመሪያ ስም ጢባርዮስ ነበርና፣ እንደ ደንቡ ከሆነ የሻለቃው ሙሉ ስም ጢባርዮስ ቀላውዴዎስ ሉስዮስ መሆን አለበት።

ይህን ሰው ሳስበው ስሙ ለእርሱ ምን ማለት እንደነበረ ይገባኛል። በላቲን ስለማነከስ የሚናገረውን ቃል ሳያውቅ አልቀረም፤ ላቲን የሚሠራበት ጦር ውስጥ ነው ያለው። ግን ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለው ለዚያ ቃል አይደለም። የከፈለው ማንም ያለ ፍርድ እንዳይገርፈው፣ ልጆቹ ሮማውያን ሆነው እንዲወለዱ ነው፤ «ቀላውዴዎስ» የዚያ ደረሰኝ ነው። ስሙ ሲጠራ «ይህ ሰው መብት አለው» ማለት ነበር። በዚያች ሰዓት ፊቱ የቆመው እስረኛ ያንኑ መብት በነጻ፣ በልደት አግኝቶታል። ሻለቃው ዋጋውን ለምን እንደጠቀሰ ጸሐፊው አይነግረንም። እኔ ግን የገዛውን ነገር ክብደት የሚያውቅ ሰው ድምፅ እሰማበታለሁ።

የሮም ታሪክ ጸሐፊው ዲዮን ካስዮስ የጻፈው ነገር ለዚህ ንግግር ዳራውን ይሰጠዋል። በክላውዲዩስ ዘመን ንግሥቲቱ ሜሳሊናና የቤተ መንግሥቱ ነጻ የወጡ ባለሟሎች ዜግነት ይሸጡ ነበር። በመጀመሪያ ዋጋው እጅግ ውድ ነበር፤ ኋላ ግን ረክሶ፣ የተሰባበረ ብርጭቆ የሰጠም ሮማዊ ይሆናል እስከመባል ደረሰ። ሉስዮስ «በብዙ ገንዘብ» ማለቱ ዋጋው ሳይረክስ ከገዙት ወገን መሆኑን ያሳያል ብዬ አምናለሁ። በዚያው ዘመን፣ አዲስ ዜጎች የንጉሡን ስም አልወሰዱም ተብለው ይከሰሱ እንደነበርና ንጉሡ ክሱን እንደከለከለ ዲዮን ይጨምራል። በሌላ በኩል ስዌቶኒዩስ፣ ይኸው ንጉሥ ዜግነት የሌላቸው የውጭ ሰዎች የሮማውያንን የዘር ስም እንዳይይዙ እንዳገደ፣ ዜግነትን በሐሰት ይዘው የተገኙትንም በመጥረቢያ አንገታቸውን እንዳስቆረጠ ይናገራል። በአንድ ስም ላይ ይህን ያህል ክስ፣ አዋጅና መጥረቢያ ሲነሣ የሚያጣላው የሕግ ክብሩ ነው።

ከሻለቃው ሌላ ስሙን ወደ ምሥራቅ ያደረሱት ወታደሮች ናቸው። ዜጋ ያልሆኑ ወታደሮች 25 ዓመት ሲያገለግሉ ዜግነት ያገኙ ነበር፤ በነሐስ ሰሌዳ የተቀረጸ ማስረጃ ይሰጣቸው የጀመረውም በዚሁ በክላውዲዩስ ዘመን ነው። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው በግብፅ፣ በሶርያ፣ በእስያ ስሙን ይዘው ቀሩ። በሁለተኛው ምእት ዓመት እስክንድርያ ላይ ከዋክብትን ይመረምር የነበረው ጥሎሜዎስ ሙሉ ስሙ ክላውዲዮስ ጥሎሜዎስ ነው፤ ቋንቋው ግሪክ፣ የዘር ስሙ የሮም። በ212 ዓ.ም. ንጉሥ ካራካላ ለግዛቱ ነጻ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ዜግነት ሰጠ። ያን ጊዜ የዘር ስም የመብት ምልክትነቱ ላላ፤ ሁሉም ካለው ምልክቱ ምን ያደርጋል? የሦስት ስም ሥርዓት ቀስ በቀስ ፈረሰ፤ «ክላውዲዮስ» ለአንድ ልጅ ለብቻው የሚወጣ ስም የሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

«ዴዎስ» አምላክ አይደለም

አንዳንድ ሰው ስሙን ለማዳን ወደ ሌላ ጫፍ ይሮጣል። «ዴዎስ» የሚለውን መጨረሻ ይዞ፣ በላቲን «ዴዉስ» በግሪክ «ቴዎስ» አምላክ ስለሆነ፣ ገላውዴዎስ የአምላክ ነገር አለበት ይላል። ጢሞቴዎስ ላይ ይህ ልክ ነው፤ አምላክን የሚያከብር ማለት ነው። ገላውዴዎስ ላይ ግን አይሠራም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ መርቆሬዎስን አጠገቡ አቁሙት። የላቲኑ መርኩሪዩስ በግሪክ መርኩሪዮስ፣ በግዕዝ መርቆሬዎስ ሆነ፤ «ሪዩስ» «ሬዎስ» ሆነ። በዚያው ልክ የክላውዲዩስ «ዲዩስ» «ዴዎስ» ሆነ። መጨረሻው የላቲን የወንድ ስም መዝጊያ እንጂ ራሱን የቻለ ቃል አይደለም። «ገላ» የሚለውንም ከሰውነት ጋር ማያያዝ እንዲሁ ከንቱ ነው። ግዕዝ ሁለት ተነባቢ ቃል መጀመሪያ ላይ ሲጋጠሙበት በመካከላቸው አናባቢ ያስገባል፤ «ክላ» «ገላ» ወይም «ቀላ» የሆነው በዚህ ነው።

ለምን ሁለት መልክ አለው? የግሪኩ ካፓ በግዕዝ ብዙ ጊዜ ቀ ይሆናል፤ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ኒቆዲሞስ ምስክር ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ንጉሡም (የሐዋርያት ሥራ 11፥28 እና 18፥2)፣ ሻለቃውም (23፥26) በቀ «ቀላውዴዎስ» ተብለው የተጻፉት በዚህ ሥርዓት ነው። የሰማዕቱና የንጉሣችን ስም በገ የተጻፈው በቤተ ክርስቲያን አፍ የኖረው መልክ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ገላውዴዎስ» ብሎ ፈልጎ ያጣ ሰው ስሙ የለም ብሎ እንዳይደመድም፤ በቀ ይፈልግ።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን መካከል ላይ ያለው «ላው» ነው። ሮም ውስጥ «አው» የሚለውን ድምፅ ብዙ ሕዝብ «ኦ» ይለው ነበር፤ የዚያው ዘር የሆነው ፖለቲከኛ ፑብሊዩስ «ክሎዲዩስ» ተብሎ የሚታወቀው በዚህ አነጋገር ነው። ንጉሡ ቬስፓስያን እንዲህ ሲናገር ፍሎሩስ የተባለ ሹም አርሞት ነበር፤ ንጉሡም በማግስቱ «ፍላውሩስ» ብሎ ሰላም እንዳለው ስዌቶኒዩስ ጽፏል። የፈረንሳዮቹ «ክሎድ» ዛሬ በ«ኦ» ይነገራል። ሩሲያውያን «ክላቭዲይ» ይላሉ። ግዕዝ ግን «ላው» ብሎ የጥንቱን ድምፅ እንደነበረ ይዞታል፤ ጎንደር ላይ የሚጠራው ስም በዚህ ረገድ ፓሪስ ላይ ከሚጠራው ይልቅ ለሮም ይቀርባል።

የልብነ ድንግል ልጆች

ወደ እኛ ያመጣው ሰማዕቱ ነው። በስንክሳር ሰኔ 11 የሚታሰበው ገላውዴዎስ የአንጾኪያ መኳንንት ወገን ነው። የሮም ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ሲክድ ወዳጁ ከነበረው ከፊቅጦር ጋር ደማቸውን ስለ ክርስቶስ ሊያፈሱ ተስማሙ፤ ንጉሡ ወደ ግብፅ ሰደደው፤ በዚያም በጦር ተወግቶ ሞተ። በግብፅ ቤተ ክርስቲያን በኩል የእኛ ሆነ፤ በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጦሩን ሰብቆ እናየዋለን። «ፊቅጦር»ም የላቲን ቃል ነው፤ ድል አድራጊ ማለት።

አሁን የዐፄ ልብነ ድንግልን ልጆች ስም እዩ፦ ፊቅጦር፣ ገላውዴዎስ፣ ሚናስ። ሁለቱ ወዳጅ ሰማዕታት፣ ሦስተኛውም የግብፅ ሰማዕት። ንጉሡ የላቲን መዝገበ ቃላት አልነበረውም፤ የሚያውቀው ስንክሳሩን ነው። ልጁን ገላውዴዎስ ሲል «ለእምነቱ የቆመ ባለ ጦር» እያለ ነበር። ፊቅጦር አባቱ ሳይሞት በጦርነቱ አለቀ። ሚናስ ተማርኮ ባሕር ተሻገረ። ገላውዴዎስ በ1540 አባቱ ሲሞት ገና ወጣት ሳለ ነገሠ፤ የመንግሥት ስሙ አጽናፍ ሰገድ ተባለ። በ1543 የካቲት ወር ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ በወደቀበት ጦርነት ድል አደረገ፤ በ1559 ደግሞ ከሐረሩ ኑር ጋር ሲዋጋ ራሱ ወደቀ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ «ገላውዴዎስ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ንጉሥ ወይም ያ ሰማዕት ነው።

በዚህ ንጉሥ ላይ ስሙ የዞረው ዙር ልዩ ነው። ፖርቱጋሎች ክላውዲዮ ይሉት ነበር። በ1555 ሰንበትን ስለማክበር፣ ስለ ግዝረትና ስለ እሪያ ሥጋ የተነሡበትን ክሶች የመለሰበትን የሃይማኖት መግለጫ በግዕዝ ጻፈ። በ17ኛው ምእት ዓመት ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ያንን ጽሑፍ ወደ ላቲን ሲተረጉመው የጸሐፊውን ስም «ክላውዲዩስ» ብሎ አስቀመጠው። ከሮም በወታደርና በሰማዕት ወጥቶ ሸዋና ጎጃም የገባው ስም በኢትዮጵያ ንጉሥ እጅ ወደ ላቲን ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ግን የሚያመለክተው የሮምን ቤት ሳይሆን የኢትዮጵያን እምነት ሲከራከርላት የነበረን ሰው ነው።

ለሚያወጡት ሰዎች

ለእናትየው የምሰጣት መልስ ይህ ነው፦ ልጅሽን አንካሳ አላልሽውም። እግሩን የሚጎትት ሰውም ክብሩ ያው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስሙ ስለዚያ ሆኖ አያውቅም። ሥሩን ልንገርህ የሚል ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ስሙ ከሮማውያን ሦስት ክፍሎች ከየትኛው ነው? ወደ እኛ ያመጣው ማን ነው? ያወጡት ሰዎች የቃሉን ትርጉም ይሰሙ ነበር ወይ? ዮስጦስን በዚህ ብትመዝኑት ለምሳሌ «ጻድቅ» የሚለው ሥሩ ከ1711 እስከ 1716 የነገሠው ንጉሣችን የተጠራበትን ስም ጥሩ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ቆስጠንጢኖስም ከ«ጽኑ» ነው። አንዳንዴ ሥሩና ትርጉሙ ይገጥማሉ፤ ሳይጠይቁ መገመት ነው ስሕተቱ።

ውጭ አገር ለሚወለዱ ልጆች ደግሞ የአጻጻፉ ነገር አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከጂ ቀጥሎ ኢ የሚያስገቡ አሉ፣ ኤ የሚያስገቡ አሉ፤ መካከሉ ላይ ደብልዩ ወይም ዩ ይገባል። የልደት ምስክር ወረቀቱ አንዱን፣ ፓስፖርቱ ሌላውን ከያዘ ልጁ ትምህርት ቤትና ሥራ ሲገባ ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን ሲያስረዳ ይኖራል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን ወላጆች አስቀድመው ይምረጡ፤ ከዚያ በየቦታው ያንኑ ይጻፉ። «ክላውዲዩስ» ወይም «ክሎድ» ብሎ ማስመዝገብም ይቻላል፤ አንድ ስም ናቸውና። «ክላውስ» ግን አይሆንም፤ የጀርመኖቹ ክላውስ ከኒቆላዎስ ያጠረ ሌላ ስም ነው።